የአለምወርቅና ባሏን የወሰደው ወንዝ

የአለምወርቅ ስለ ወንዝ አታውቅም ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ዮቪል በሚባል ሰፈር ባለች ጠባብ ክፍሏ መጋረጃ ስትሰፋ ለምትውል ሴት ወንዝ ምን ያደርግላታል? ባሏ ስዩም ግን ባኪ በሚሏት ጭነት መኪናው ብርድ ልብስ እየጫነ፣ ከጆሃንስበርግ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ገጠር ድረስ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። በ2011 ጥር ወር ላይ ምዚምቩቡ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ፣ ድልድይ ሲሻገር ወሰደው። መኪናው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም።

ሞት መደበቅ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቱ፣ እማማ በለጥሽ፣ መርዶ አልሰሙም። "ሳንቀብረው አይነገራቸውም" ብላ የከለከለችው የአለምወርቅ ናት። በደወሉ ቁጥር "ኔትወርክ የሌለበት ገጠር ነው" ትላቸዋለች።

የወንዙን ካርታ ገዝታ ከስፌት መኪናዋ በላይ ለጠፈች። ከተራራ የሚወርዱትን ገባሮች፣ ቲናን፣ ኪኒራን፣ ጺጻን፣ እንደ ጎረቤት ልጆች በስም ለየቻቸው። አስከሬኑን ፍለጋ በየወሩ በሚኒባስ ወርዳ፣ ገደሉን ተንጠላጥላ፣ ጎርፍ ግንድ የሚጥልበትን መታጠፊያ ሁሉ ፈተሸች። የአገሬው ሴቶች ላቧን እንድትታጠብ ሲሏት እምቢ አለች። ባሏን ከበላ ውሃ ጋር ምን አላት!

በስምንተኛው ወር ወንዙ ባሕር የሚገባበት ደረሰች። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ባሏ የተወሰደበትን ቀን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው።

"ያን ቀን ዛፉን ከነሥሩ ወደ ባሕር ሲያወጣ ዋለ" አሏት በተሰባበረ እንግሊዝኛ። "ይሄ ወንዝ ምንም አያስቀርም፣ ልጄ።"

ያልፈተሸችው መታጠፊያ አልቀረም። እውነት መሆኑን ከሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ፍለጋዋን የቋጨውም ይኸው ነው።

ተመልሳ ለስዩም ወንድም ለሠረቀብርሃን ደወለች። "ሽማግሌ ይዘህ ንጋት ላይ እማማ ቤት ግባ" አለችው። መርዶው ተነገረ።

በአራተኛው ቀን እማማ በለጥሽ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

"ያለበትን ቦታ ንገሪኝ" አሉ።

ነገረቻቸው። ከየትኛው ተራራ እንደሚነሳ፣ ገባሮቹ የት እንደሚቀላቀሉት፣ በየትኛው ገደል መሃል አልፎ ባሕር እንደሚገባ።

"ውሃው ይበርዳል?" አሉ በመጨረሻ። "ልጄ እኮ ብርድ አይችልም።"

የአለምወርቅ ቀና ብላ ካርታውን አየች። ያን ሁሉ ጊዜ ስትመላለስ አንድ ቀን እንኳ እጇን አልነከረችበትም።

"አይበርድም፣ እማማ" አለቻቸው። "ለብ ያለ ነው።"