የአያ ዓለሙ ጤፍ

ዛሬ ጠዋት የበቆሎውን ጆንያ ስፈታ የታመቀ ዱቄት ሽታ ፊቴን መታኝ። አፉ እንደ መርፌ የሾለ ነቀዝ ጣቴ ላይ ወጣ። ነቀዝ አይቶ ደስ የሚለው ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ ጠዳ በምትባል መንደር እንኖራለን። አባቴ በማኪና ከሩቅ አገር የመጣ በቆሎ ገዝቶ ከራሳችን እህል ጋር ጎታ ውስጥ ገለበጠው። ክረምቱ ሲገባ አይተነው የማናውቅ ነቀዝ ቤቱን ወረረው፤ ግድግዳው ላይ ይርመሰመሳል፣ መኝታችን ውስጥ ይገባል። እኔማ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ ነበር የምተኛው። እናቴ ጎታውን ከፍታ አለቀሰች።

ጎረቤታችን አያ ዓለሙ ስልቻ ተሸክመው መጡ።

"ምነው ታለቅሻለሽ? እህሉ ገና ሸጋ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አስጪውና አበጥሪው፤ ከዚያ ይኸን ጤፍ ቀላቅዪበት። ጤፉ በፍሬው መካከል ሲሞላበት ነቀዙ መላወሻ ያጣል።"

"የልጆችዎን ጉርስ እንዴት እወስዳለሁ?"

"ጤፍን ነቀዝ አይነካው። ለዕለት የሚበቃችሁን እየነፋችሁ በቆሎውን ብሉ፤ ጤፉን በኋላ ትመልሱልኛላችሁ።"

ያን ክረምት ሳንራብ ወጣን። ወንፊቱ ግን ጤፉን ሁሉ አያወርደውም ነበር፤ ንፍሮ ስንበላ ደቃቋ ፍሬ ጥርሳችን ውስጥ ስትገባ፣ "የአያ ዓለሙ ናት" እንባባል ነበር።

ዛሬም በቆሎውን አስጥቼ ጤፍ ቀላቀልኩበት። ማታ የልጅ ልጄ ከንፍሮው ቀና ብላ፣ "እማማ፣ ጤፍ ገብቶበታል" አለችኝ።

"የአያ ዓለሙ ናት" አልኳት።

ማን እንደሆኑ ሳትጠይቀኝ አላመጠቻት።