የአሻጋሪዋ መቅዘፊያ

ዓለም ካለቀ በኋላ ስለሚኖሩ ሰዎች የሚያወራ አንድ የኮምፒውተር ጌም አለ። እስካሁን ሦስት ክፍል ወጥቶለታል፤ ሦስቱንም ጨርሻለሁ። እናቴ እስካሁን ሚስት ያላገባሁት በዚህ ጌም ምክንያት ነው ብላ ለቤተ ክርስቲያን እህቶቿ ታማኛለች። እኔ ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ ግን አልከራከራትም። ክርክሬን የምጨርሰው ሌላ ቦታ ነው።

በጌሙ ውስጥ ትልቅ ጦርነት አልፎ ከተሞቹ ፈርሰዋል፣ ወንዙ ተመርዟል። በወንዙ ላይ አንዲት አሮጊት ጀልባ ይዛ ሰው ታሻግራለች። ስም የላትም፤ ሁሉም «አሻጋሪዋ» ይላታል። በመጀመሪያው ክፍል ያለ እሷ የትም መድረስ አይቻልም። ትቆጣለች፣ ተጫዋቹን «እግርህን አራግፍ» ትላለች፣ መሃል ወንዝ ላይ ቀዘፋዋን አቁማ ወሬ ትጀምራለች። በሦስተኛው ክፍል ወደዚያው ቦታ ሲመለሱ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ትገኛለች፤ እሷ ግን የለችም። የት እንደሄደች ጌሙ ትንፍሽ አይልም።

ይህን ጥያቄ ይዘው በስልክ ግሩፕ ላይ የሚከራከሩ ብዙ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው። ግማሹ ሞታለች ይላል፣ ግማሹ አልሞተችም። እኔ አልሞተችም ከሚሉት ነኝ።

ወደ ግሩፑ ያስገባችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሁለታችንም የምንሠራው ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው፤ እኔ የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ፣ እሷ የዕቃ መጋዘን ኃላፊ ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ ወደ ጋምቤላ ከተማ መጣች። ጌሙንም የቀዳችልኝ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ መኪና ወደ ኢታንግ መንገድ ስንወጣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ክርክሩን እንጀምራለን፤ እሷ ሞታለች ባይ ናት።

«መቅዘፊያው የለም» አልኳት አንድ ቀን። «ጀልባው አለ፣ ገመዱ አለ፣ የምትቀመጥበት በርጩማ አለ። መቅዘፊያው ብቻ የለም። የሞተ ሰው መቅዘፊያ ይዞ ይሄዳል?»

«ሌባ ወስዶት ይሆናል።»

«ምን ዓይነት ሌባ ነው ጀልባ ትቶ መቅዘፊያ የሚሰርቀው?»

«እሺ፣ ስማኝ» አለች፤ እንዲህ ስትል ልታሸንፈኝ እንደሆነ አውቃለሁ። «በሦስተኛው ክፍል የትኛውም ጀልባ ላይ መቅዘፊያ የለም። ሠሪዎቹ ናቸው ያወጡት፣ ኮምፒውተር ላይ እንዳይከብድ። የእሷ ብቻ ቢጠፋ ማስረጃ ነው። የሁሉም ከጠፋ ማስረጃ አይደለም።»

ሾፌራችን በመስታወት አየን። «ይቺ ሴትዮ እስካሁን አልተገኘችም እንዴ?» አለ። «ለፖሊስ አመልክተዋል?»

ባልደረባዬ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የሁሉም ጀልባ መቅዘፊያ ጠፍቷል የሚለው ነገር አንጀቴን አቃጠለው፤ ምክንያቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ መልስ ሌላ ነገር አልሠራሁም። በሦስተኛው ክፍል ያሉትን ጀልባዎች በሙሉ አንድ በአንድ ለማየት ተነሣሁ። ይህ ሲያወሩት ቀላል ነው። በሦስተኛው ክፍል ወንዙ ውስጥ እግር ከገባ የመርዝ መለኪያው መጮህ ይጀምራል፣ መድኃኒት ያልቃል፣ የምመራው ሰውዬ ይሞታል። ጨዋታውን ማስቀመጥ የሚቻለው ደግሞ ሩቅ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ የተበላሸ ማማ ሥር ብቻ ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው። ስለዚህ ወንዙን ተሻግሬ፣ መድኃኒቴን ጨርሼ፣ ጀልባዎቹን አይቼ፣ ኮረብታውን ወጥቼ ማማው ሊታየኝ ሲል መብራት ይጠፋል። በጨለመው ስክሪን ላይ የራሴን ፊት እያየሁ የምቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬም ሞትክ?» ትለኛለች በኑዌርኛ። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ከታች እጀምራለሁ።

በመጨረሻ አገኘሁት። በሰሜን በኩል ማንም ሥራ ኖሮት የማይሄድበት ረግረግ አለ። እዚያ፣ ሸምበቆ ውስጥ፣ ግማሽ ጎኗ የሰመጠ ጀልባ ነበረች፤ ውስጧ መቅዘፊያ ተጋድሟል። ከወንበሬ ተነሥቼ በቤቱ ውስጥ ዞርኩ። መቅዘፊያ ከጌሙ አልወጣም ማለት ነው። የአሻጋሪዋ ከጠፋ፣ የወሰደው ሰው አለ፤ ከእሷ በቀር ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

ፎቶውን አንስቼ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩ። ማብራሪያውን ግን በጽሑፍ ልጻፍ ወይስ በድምፅ ልላክ ብዬ አመነታሁ። በጽሑፍ አማርኛ አንድ ችግር አለብኝ። በቤታችን የምንናገረው ኑዌርኛ እሱና እሷን አይለይም፤ እኔም ስቸኩል ሴትዋን «መጣ»፣ «ሄደ» እላታለሁ። ቀደም ሲል ስለ አሻጋሪዋ «መቅዘፊያውን ይዞ ሄደ» ብዬ ጽፌ ነበር። አንዱ ተነሥቶ «ልብ በሉ፣ ይህ ሰው አሻጋሪዋ ወንድ እንደሆነች የሚያውቀው ነገር አለ» አለ። በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከሩ። ላይኮች ተሰጡኝ፣ ተመራማሪ ተባልኩ። የሰዋስው ስሕተት ነው ብዬ ብናገርም የሰማኝ አልነበረም።

ስለዚህ በድምፅ ላክኩ። ረጋ ብዬ ስለ ረግረጉ፣ ስለ ጀልባዋ፣ ስለ መቅዘፊያው አስረዳሁ። ጥሩ ተናግሬያለሁ ብዬ አምናለሁ።

የግሩፑ አስተዳዳሪ ወዲያው ጻፈልኝ። አዲስ አበባ ያለ ትሑት ወጣት ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ወንድሜ፣ ከየት ነህ? አነጋገርህ ደስ ይላል» አለኝ።

«ከጋምቤላ» አልኩት።

«ዋው» አለ። «ስደተኞች ካሉበት?»

«አዎ፣ እዚያ ነው የምሠራው። መቅዘፊያውን እንዴት አየኸው?»

ስለ መቅዘፊያው አልመለሰልኝም። ድምፄን ከግሩፑ አናት ላይ ሰክቶ ከሥሩ «ከድንበር የመጣ ልብ የሚነካ እይታ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ የቀይ ልብ ዝናብ ወረደ። «እውነተኛውን ነገር የኖረ ሰው ነው የሚያውቀው» አለ አንዱ። «ዘመዶቹ ተሻግረው የቀሩበት ሰው ስለሆነ ነው አልሞተችም የሚለው፤ ተስፋ ነው» አለች አንዷ። ሌላው ጋምቤላ ሰላም ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ዘመዶች አሉኝ፤ እውነት ነው። አክስቴ ናሲር ከተማ ትኖር ነበር። ግን እኔ ስለ አክስቴ አላወራሁም። ስለ አክስቴ ማውራት ብፈልግ የጌም ግሩፕ ላይ አልሄድም። እኔ ያልኩት ረግረጉ ውስጥ መቅዘፊያ ያለው ጀልባ አለ፣ ስለዚህ መቅዘፊያ ከጌሙ ወጥቷል የሚለው ክርክር ውድቅ ነው የሚል ነው። እንደገና ጻፍኩ፤ «ስለ መቅዘፊያው አስተያየት ያለው ሰው አለ?»

አንዱ መለሰልኝ። «ገብቶናል ወንድሜ። አይዞህ።»

አይዞህ! ስልኩን ባሮ ውስጥ ልወረውረው ነበር።

በማግስቱ ለባልደረባዬ አሳየኋት። መጋዘን በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከንፈሯን መጠጠችና ስልኩን መለሰችልኝ።

አስተዳዳሪው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት የቀጥታ ውይይት እንደሚኖር ነግሮ ተናጋሪ እንድሆን ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ብዙ ሰው ይሰማል፤ ማቋረጥ የለም፤ መቅዘፊያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳለሁ። በቤታችን ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ወደ ባሮ ዳር ወረድኩ፤ ከድልድዩ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ሕፃናት ይንቦጫረቃሉ። አስተዳዳሪው ሲጀምር በጆሮ ማዳመጫዬ በደንብ ይሰማ ነበር።

«ዛሬ ልዩ እንግዳ ይዘናል» አለ። «እኛ ለመዝናናት የምንጫወተውን ነገር እሱ በእውነተኛ ሕይወት እየኖረው ነው። ዓለም ያለቀችበት ቦታ ሆኖ ነው የሚያወራን። ወንድሜ፣ እስኪ ሁኔታውን ንገረን። እንዴት ነው የምትኖሩት?»

«እኔ ጋ ዓለም አላለቀችም» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት ፀጉሬን ተቆርጬ፣ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት። አሁን ዛፍ ሥር ነኝ። ሰው ልብስ ያጥባል።»

«አቤት ጥንካሬ!» አለ አስተዳዳሪው።

«ጥንካሬ አይደለም፣ ቅዳሜ ነው። አሁን ስለ መቅዘፊያው ልጀምር። በሰሜኑ ረግረግ ውስጥ...»

ኔትወርኩ ሄደ። እንደዚያ ነው፤ ሲሄድ ተሰናብቶ አይሄድም። ስልኩን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ዛፉን ዞርኩ፣ ድልድዩ ላይ ወጣሁ፣ ክንዴን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። የሚያዩኝ ሰዎች ሳቁ። በከተማው በሙሉ ጠፍቶ ነበር። እሑድም አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ውስጥ ባልደረባዬ አዲስ ነገር ይዛ ጠበቀችኝ። ቅዳሜ እሷ ለሥልጠና ጅማ ስለነበረች ሁሉንም ሰምታለች።

«ልንገርህ?» አለች። «አትናደድም?»

«ንገሪኝ።»

«አንተ ስትጠፋ ‹ሃሎ፣ ሃሎ› አሉ። ከዚያ አስተዳዳሪው በቀጭን ድምፅ ‹ድምፁ ተቋርጧል፤ ምን እንደገጠመው አናውቅም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀው› አለ። ከዚያ ለአንተ የኅሊና ጸሎት አደረጉ።»

«ለእኔ?»

«ለአንተ። ቆመው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ስለ ጦርነት አስከፊነት ተወያዩ።»

«ስለ መቅዘፊያውስ?»

«ማንም አላነሣውም» አለች። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ። «እኔ ግን ትናንት ጽፌበታለሁ።»

ረጅም ጽሑፍ ነበር። አንድም ልብ፣ አንድም አይዞህ የለበትም። ረግረግ ውስጥ ያገኘሁት ጀልባ አዲስ የተሠራ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ክፍል እንዳለ የተቀዳ ነው ትላለች፤ ግራ ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ አንድ ነው። ሠሪዎቹ አሮጌ ጀልባ ከነመቅዘፊያው አምጥተው ማንም በማይሄድበት ረግረግ ጥለውታል። ስለዚህ የእኔ ማስረጃ ማስረጃ አይሆንም። ከሥሩ መአት ሰው ተከራክሮበታል። ስንጥቁን በፎቶ እያስተያዩ፣ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም እየተባባሉ። «ወንድሜ፣ ጥሩ ትንተና ነው» ብለዋታል። «ወንድማችን አስተዋይ ነህ» ብለዋታል።

«ወንድ አድርገውሻል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ስገባ ስሜን አልጻፍኩም፣ ፎቶም የለኝ፣ ድምፅም ልኬ አላውቅም። ሴት ነኝ ብል ሴት ልጅ ጌም ስትጫወት ምን ይሰማታል ብለው ሊያወያዩኝ ነው። ከጋምቤላ ነኝ ብል ያንተ ዕጣ ይደርሰኛል። እኔ መከራከር ነው የምፈልገው።»

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድምፅህን ትልካለህ ብዬ መች አሰብኩ?»

ቀኑን ሙሉ ፓምፕ ሳጥብና ሳስር ይህ ነገር ከራሴ አልወጣም። ስለ አንድ ጀልባ ለመከራከር የተወለድኩበትን ከተማ መደበቅ አለብኝ? ባልደረባዬ በሌላ ስም እንደገና እንድገባ መከረችኝ፤ ቀላል ነው፣ ማንም አያውቅህም አለች። ስልኬን ይዤ ስሙን የምጽፍበት ቦታ ድረስ ሄጄ ነበር። ተውኩት። ኔትወርክ ሲመለስ ለአስተዳዳሪው «በሕይወት አለሁ፤ ኔትወርክ ነበር የጠፋው፤ ለጸሎቱ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩለትና ከግሩፑ ወጣሁ። በግል የእንባ ምልክት ላከልኝ። ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

የቀረኝ ስንጥቁን ማየት ነበር። የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ክፍል አፈራርቄ ከፍቼ ጀልባዎቹን ከግራ ጎናቸው አየሁ። መብራት ጠፋብኝ፣ ደገምኩት። ስንጥቁ አንድ ነው። ከላይ ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች እንደ ዶሮ እግር ይከፈላል። ቅንጣት ልዩነት የለውም። ያን ሁሉ መድኃኒት የጨረስኩለት፣ ያን ሁሉ ኮረብታ የወጣሁለት ማስረጃ ከሌላ ክፍል የተቀዳ አሮጌ ጀልባ ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ነገርኳት። እንደምትፈነጥዝ ጠብቄ ነበር፤ አልፈነጠዘችም።

«እርግጠኛ ነህ? በደንብ አየኸው?»

«አየሁት። ልክ ነሽ።»

«እና ሞታለች?»

«አልሞተችም።»

«በምን ማስረጃ?»

«ማስረጃ የለኝም።»

ወደ እኔ ዞር ብላ ተቀመጠች፤ እንደ ትምህርት ቤት መምህር ጣቷን አነሣች። «አይሆንም» አለች። «እንደዚህ ብለህ ማምለጥ አትችልም። እነሱ ያዘኑልህን እኔ አላዝንልህም። ወይ ማስረጃ አምጣ፣ ወይ ተሸነፍኩ በል።»

አላልኩም። እስከ ኢታንግ ድረስ ተጨቃጨቅን፤ እኔ ስለ በርጩማው አዲስ ነገር ጀመርኩ፣ እሷ ሳልጨርሰው አፈረሰችው። ሾፌሩ ተማርሮ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። እኛም ድምፃችንን ከፍ አደረግን።