ፕላስቲክ ያልለበሰው ሳሎን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከምኖርባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ወደ ደለስ ኤርፖርት ስሄድ፣ ጎረቤቶቼ ጣሊያንን ልጎበኝ የወጣሁ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የምሄደው ከልጅ ልጄ ልታረቅ ነው። ለፋሲካ ብዬ የነጩን ሶፋ ፕላስቲክ ባነሳሁበት ቀን፣ የአምስት ዓመቷ ሶልያና የማንጎ ጁስ ደፋችበት። ሁለት ሥራ እየሠራሁ የገዛሁት፣ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ሶፋ! ምነው አፌን በቆረጠው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። በማግስቱ ፕላስቲኩን መለስኩት፤ ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባም አለች። ልጄ ሜሮን እዚያው አጠገባችን ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ስትመጣ ሶልያና መኪና ውስጥ ሆና እጇን ታወዛውዝልኛለች። ይሄ ለአያት ይበቃል?

ስለዚህ ሜሮን ኮል አድርጋ፣ "ማሚ፣ ጣሊያን አንድ የድሮ ቪላ ሪዘርቭ አድርጌያለሁ፤ ለአንድ ሳምንት አብረሽን ነይ" ስትለኝ፣ ንግግሯን ሳትጨርስ እሺ አልኩ።

እሑድ፣ ሉካ

ከሮም በባቡር ተነስተን ፍሎረንስ ላይ ቀይረን ሉካ የምትባል ከተማ ደረስን። ሙቀቱ አይጣል ነው። ከጣቢያው ታክሲ በሠላሳ ዩሮ ይዘን፣ በወይራ ዛፎች መሀል ጠመዝማዛውን መንገድ ወጣን። በሩን የከፈቱልን የቪላው ባለቤት ራሳቸው ናቸው፤ ሲኞራ ቢያንካ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ቀጭን ሴት። ቤቱ ከቅድመ አያቶቻቸው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ይሞክራሉ፣ ሲያልቅባቸው በእጃቸው ይጨርሱታል።

ሳሎን ስገባ ልቤ ድንግጥ አለ። ወንበሩ ሐር የለበሰ፣ ቁም ሳጥኑ ከሰው ቁመት የበለጠ፣ በየጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለባቸው ሳህኖች።

"ይሄ ወንበር ስንት ዓመቱ ነው?" አልኳቸው።

"ሁለት መቶ። ተቀመጪ፣ ተቀመጪ!"

ጫፉ ላይ ቁጢጥ አልኩ። ሶልያና ግን አልተቀመጠችም። ቆማ እኔን እኔን ታያለች።

ሰኞ ማለዳ

አመል ያወጣል ከመሀል ይባል የለ? ሰው ሳይነሳ ተነስቼ ሳህኑንና ስኳር ማስቀመጫውን ሁሉ በልብሶቼ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደረደርኩት። ወንበሮቹን በአንሶላ ሸፈንኩ። ሲኞራ ቁርስ ይዘው ሲገቡ ክው አሉ።

"ማዶና፣ እመቤቴ! ሰው ሞተ እንዴ?"

"ኧረ አይደለም፣ ሕፃን አለች፤ እንዳይሰበር ብዬ ነው።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ታዲያ ዳቦውን በምን እንብላ?"

ለካስ የሚበሉበት ዕቃ ነው! አፍሬ በርጩማ ላይ ወጣሁና ማውረድ ጀመርኩ። ስኳር ማስቀመጫው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ዱቄት ሆነ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ሶልያና እየሮጠች መጣች። ስባሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀስ ብላ እጄን ያዘች።

"ግራንድማ፣ አሁን ይጮሁብሻል?"

እንባዬ መጣ። ሲኞራ ግን "እግራችሁን እንዳይቆርጣችሁ" ብለው መጥረጊያ አመጡ። ጠርገው ሲጨርሱ አንድ ትልቅ ሳህን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩን። ስንጥቁ በሽቦ ተሰፍቷል።

"ይሄን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያንን ደግሞ አባቴ።" ቀጥለው በጣሊያንኛ ተናገሩ፤ ሜሮን በስልኳ አስተርጉማ ነገረችኝ፦ "ዕቃውን ቆልፈንበት ቢሆን ኖሮ ስለ አባቶቻችን ምን እናወራ ነበር?"

ተንበርክኬ ሶልያናን አቀፍኳት። "የኔ እናት፣ ያን ቀን እኔም መጥረጊያ ብቻ ነበር ማምጣት የነበረብኝ። ይቅር በይኝ።"

"ኢትስ ኦኬ" አለች። ቤቴ ትመጣ እንደሆን ስጠይቃት ግን ወደ ቁርሷ ሮጠች።

የቀሩት ቀናት ደስ ብለው አለፉ። ባቄላ በወይራ ዘይት በልተን፣ ሉካን የከበበውን የድሮ የከተማ ቅጥር አናቱ ላይ በብስክሌት ዞርን፤ እኔ እንኳ ሁለቴ ወድቄ ነው የዞርኩት። ሐር የለበሰው ወንበር ላይም በደንብ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ቤት

ቅዳሜ ማታ እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ መቀስ አንስቼ ፕላስቲኩን ቀደድኩት። ሰው ሳይቀመጥበት አሥራ ሁለት ዓመት! ሲኞራ ቢያዩኝ እንዴት በሳቁብኝ።

እሑድ የሜሮን መኪና ፓርኪንግ ውስጥ ቆመ። በመስኮት አያለሁ። የኋላው በር ተከፈተና ሶልያና ወረደች። የሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ግን ቆመች። የማንጎው ቢጫ ምልክት ሶፋው ላይ እንዳለ ነው።

"ይሄ የማን ነው?" አልኳት ምልክቱን እያሳየኋት።

ትንሽ አሰበችና "ማይን! የኔ ነው!" ብላ ሮጣ እዚያው ላይ ዘፍ አለችበት።