ጅብ አይደሉም ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ወፍራም የተጠረዘ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የመጀመሪያ ልቦለዱ ነው። "ጋሼ፣ አይዘኑልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ ይውረዱበት" አለኝና እየሳቀ ወጣ።

ታሪኩ የሚሆነው በዛሬዋ አዲስ አበባ ነው። ባቡሩ አለ፣ ፎቆቹ አሉ፣ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከሰዉ መሀል ግን ጨረቃ ስትሞላ አውሬ የሚሆኑና የሰው ደም ጠጥተው የሚያድሩ ፍጥረቶች ተደብቀው ይኖራሉ። ልጁ መጻፍ ይችላል። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፈገግ እያልኩ አነበብኩለት። ገጽ አርባ ላይ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ጅብ የሚሆነው ሰውዬ የመርካቶ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ረቂቁን ዘጋሁትና ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ።

እኔም በሃያ ሦስት ዓመቴ ይህንኑ ልቦለድ ጽፌ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ባለቤቴም አታውቅም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጋዜጣና መጽሔት በየአስፋልቱ ዳር እንደ አሸን የፈላበት፣ እስክሪብቶ የጨበጠ ሁሉ ደራሲ ነኝ የሚልበት ጊዜ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። የተከራየሁት ክፍል አብነት ሰፈር ስለነበረ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። በርበሬ ተራ ስደርስ አስነጥሳለሁ፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ ገና ሳልደርስ የመዶሻው ድምፅ ይቀበለኛል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። በጋ ላይ ደግሞ የዛገ ብረት አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ሥርዓት የምወድ ሰው ነበርኩ። ጠመኔዎቼን በቀለም እለያለሁ፣ የትምህርት ዕቅዴን በማስመሪያ አሰምራለሁ። ማስረዳት ደግሞ ከምግብ በላይ እወድ ነበር። ተማሪ አንድ ነገር ከጠየቀኝ "አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ" ብዬ እመልሳለሁ፤ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ደብተራቸውን ከከተቱ በኋላ እንኳ አራተኛ ይተርፈኛል።

ስምንተኛ ቢ ውስጥ ምሕረት የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ድምፅ አውጥታ ስታነብ ግን ክፍሉን በሙሉ ጸጥ የምታሰኝ ልጅ። አባቷ ጋሼ ዘርጋ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ፣ ባልዲና የበር መዝጊያ ይሠራሉ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጫፏ የለችም። ሲቀጠቅጡ ያንጎራጉራሉ፤ አጠገባቸው አንድ ቀይ የሻይ ፔርሙስ አይጠፋም።

የተዋወቅነው በጥሩምባው ምክንያት ነው። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የድምፅ ማጉያ ጥሩምባ በክረምቱ ነፋስ ከምሰሶው ወድቆ ተጨራመተ። ምሕረት "አባቴ ያቃናዋል" አለችኝና ተሸክሜ ሄድኩ። ጋሼ ዘርጋ ከሰዓቱን ሙሉ በትንሽ መዶሻ ሲያባብሉት ዋሉ። ማግስቱን ራሳቸው መጥተው ምሰሶው ላይ ወጡ፤ ከላይ ሆነውም ወደ ግቢው ይዞር ወይስ ወደ መንገዱ ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም ይሰማ አልኳቸው። ወርደው እጃቸውን እየጠረጉ ስለ ልጃቸው ጠየቁኝና፣ አንደኛ እንደምትወጣ ስነግራቸው ወደ ጥሩምባው ቀና ብለው፣

"እሷ ሚኒስትሪ ካለፈች መዶሻው እኔ ላይ ይቆማል" አሉ።

ሚኒስትሪ የምንለው የስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ሰኔ ላይ ይሰጣል። ያኔ ጥቅምት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገዛሁ። በአንድ የውጭ አገር ትልቅ ከተማ ተኩላ የሚሆኑ ሰዎችና ደም መጣጮች ሲዋጉ የሚያሳይ ነው። ሁለት ቀን አነበብኩትና፣ ለመርካቶስ ምን አነሳት? አልኩ። ወረቀት አወጣሁና ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል ደም መጣጮቹን አሰፈርኩ፤ እነሱ ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የመጡ ናቸው፣ ቀን ቀን በጅምላ ሱቆች ውስጥ በጣቃ ጨርቅ ተጠቅልለው ይተኛሉ። በቀኝ በኩል ተኩላ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ተኩላ የኛ ሰው አይፈራውም። ጅብ ብዬ ጻፍኩ።

ጅብ ካልኩ በኋላ ቀጥቃጭ የሚለው ቃል ራሱ መጣ። አንባቢዬ ያውቀዋል፤ ለልጆች ግን ላስረዳ። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፣ ቀን ደግሞ የሰውን ምግብ አይቶ በዓይኑ ይበላል የሚል አሮጌ ክፉ ወሬ አለ። በእጁ የሚያኖረንን ሰው የምንከፍለው በዚህ ነው። እኔ የተማርኩ ነኝ፤ ወሬውን እንደምንቅ እርግጠኛ ነበርኩ። እንዲያውም ልገለብጠው ፈለግሁ። ጅቡን ጀግና አደረግሁት፤ ከተማዋን ከደም መጣጮቹ የሚያድናት እሱ ነው። ስሙን ባለመዶሻው አልኩት። "ገጸ ባሕርያችሁን ከሕይወት ቅዱ" እያልኩ አስተምር ስለነበር እኔም ቀዳሁ። ጫፏ የጎደለ ጣት፣ እንጉርጉሮ፣ ቀይ ፔርሙስ።

በአራት ሰዓት እረፍት በሚኒ ሚዲያው ማንበብ ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን። መጀመሪያ ልጆቹ ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከአጥሩ ውጭ ባለሱቆች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ይሰሙ ጀመር። ከበሩ ላይ ፓስቲ የምትጠብሰው ሴትዮ ሊጡን እጇ ላይ እንደያዘች ትቀራለች፣ ተሸካሞች እንኳ ጆንያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ይቆማሉ። ወደ ቤቴ ስሄድ "ደራሲው" ይሉኛል። ጋሼ ዘርጋ ያቃኑት ጥሩምባ ድምፄን እስከ አውቶቡስ ተራ የሚያደርሰው ይመስለኝ ነበር። አልዋሽም፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር ላይ በምሳ ሰዓት ግቢ መጠበቅ ተራዬ ነበር። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በየጥላው ከበው ምሳ ዕቃቸውን ከፍተዋል። ምሕረት ከክፍል ወጥታ ወደ ጓደኞቿ ስታመራ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። ቀጥሎ ሌላ ቀጭ። ባለፈችበት ሁሉ ክዳኖች ይዘጋሉ። ስታልፍ ይከፈታሉ። ነፋሱ አቧራ ስለሚያመጣ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። ማስረዳት አያቅተኝም።

በሳምንቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብቻዋን ስትበላ አገኘኋት። ቆጮና ጎመን ነበር። ለምን ብቻዋን እንደሆነች ስጠይቃት ምሳ ዕቃዋን ዘግታ፣

"ቲቸር፣ ባለመዶሻው መጨረሻ ላይ ይሞታል?" አለችኝ።

"አይሞትም። ጀግናው እኮ እሱ ነው።"

"ቢሞት ይሻል ነበር።"

እየሄደች ሳለ ቧንቧው ጋ ከቆሙት አንዱ ከኋላዋ "ምሕረት፣ አባትሽ ዛሬ በስንት እግራቸው ሄዱ?" አላት። የቀሩት ሳቁ። የገባኝ ያኔ ነው።

ያን ጊዜ ዝም ብል፣ ታሪኩን ባቋርጥ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቼ ባነጋግር ኖሮ ምናልባት ይበርድ ነበር። የተወሰኑ የስምንተኛ ቢ ልጆች ናቸው ያወቁት፤ ከአጥር ውጭ ያለው ሰው ተረቱን ከሰውዬው ጋር አላያያዘውም። እኔ ግን በደንብ ከተብራራ የማይድን ነገር የለም ብዬ አምን ነበር። በማስመሪያ አስምሬ ሦስት ነጥብ ጻፍኩ። በማግስቱ በአራት ሰዓት ማይኩን ያዝኩ። አንደኛ፣ ቡዳ የሚባል ነገር በሳይንስ የለም አልኩ። ሁለተኛ፣ ልቦለድ ማለት የፈጠራ ሥራ ነው አልኩ። ሦስተኛውን እስከ ዛሬ በራሴ ድምፅ እሰማዋለሁ።

"ሦስተኛ፣ ምናለሽ ተራ የሚሠሩት ጋሼ ዘርጋ፣ የስምንተኛ ቢዋ የምሕረት አባት፣ ጅብ አይደሉም።"

ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ሳቀ። በመስኮቱ ሳይ ፓስቲ ጠባሿ ወደ ምናለሽ ተራ በኩል ቀና ብላ ተመለከተች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጨርቁን ትሪዋ ላይ ጎተተችው።

በማግስቱ ምሕረት ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት በኋላ ወደ አባቷ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ጎረቤቶቹ ዘንድ ሰው ይርመሰመሳል፤ እሳቸው ዘንድ ያለቁ ምድጃዎች እስከ ጣራው ተደርድረው ገዢ የለም። ጋሼ ዘርጋ ሲያዩኝ መዶሻቸውን አስቀመጡና በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ከኋላቸው አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ወናፍ ይገፋል። ጭሱ ሲገለጥ ምሕረት ሆነች።

ይቅርታ ልጠይቃቸው እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። ጅቡ ጀግና መሆኑን፣ ዓላማዬ ወሬውን ማጥፋት እንደነበረ፣ በጥሩምባው ስማቸውን የጠራሁት ሊያስከብራቸው ይችላል ብዬ እንደሆነ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፔርሙሱን ከፍተው ለእኔ ሻይ ቀዱልኝ።

"መምህር፣ ቀድሞ ጅብ ናቸው ያለ ሰው ነበር?"

"በስም ጠርቶ… አልነበረም፣ ጋሼ።"

"ተረቱንማ ከዚሁ ሆኜ ሰማሁት እኮ። ጣቴን ሳውቃት ሳቅሁ፤ ጥሩምባውም ደህና ይሰማል አልኩ። አይደሉም ባልክ ዕለት ነው የሆንኩት።"

ነገ በጥሩምባው በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ አልኳቸው። እጃቸውን አነሡ፤ ያቺ የጎደለች ጣት ፊቴ ላይ ቆመች።

"እባክህ ልጄ፣ ከእንግዲህ አታስረዳልኝ።"

ስለ ፈተናው አነሣሁ። ትምህርቷን እንዳትተው፣ ሰኔ ሩቅ እንዳልሆነ ተናገርኩ። "እሷን ጠይቃት" አሉና መዶሻቸውን አነሡ። ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ወናፉን አላቆመችም፣ ቀናም አላለች።

"ቲቸር፣ ምሳዬን የት ልብላ?" አለች።

ያን የሚያህል አጭር ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። አንደኛ የሚል እንኳ ከአፌ አልወጣም። ሻዩን ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

ምሕረት አልተመለሰችም። ከፋሲካ በፊት የሥራ ቦታቸው በሌላ ሰው ተያዘ። ወደ አማኑኤል ሰፈር ሄዱ የሚል ወሬ ሰማሁ። ከአብነት አማኑኤል የእግር መንገድ ነው። እሑድ እሑድ ጫማዬን አስሬ በሩ ድረስ እወጣለሁ፤ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ እመለሳለሁ። አንድም ቀን አልሄድኩም። ከሁሉ በላይ የማፍርበት ይህ ነው። ተረቱ የወጣትነት ስሕተት ነው፤ ያልሄድኩበት መንገድ ግን ምንም ስም የለውም። ሰኔ ላይ ልጆቹን ለፈተና ስናሰልፍ ስሟ አሁንም ዝርዝሩ ላይ ነበረና ተጠራ። አቤት የሚል ጠፋ።

ንባቡንም አቋረጥኩ። ባለመዶሻው ምን ሆነ ብለው ልጆቹ ሲያስቸግሩኝ ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ እል ነበር። ጥሩምባው ለሌላ ብዙ ዓመታት የልደትና የስፖርት ዜና ሲያሰማ ቆየ። ድምፁ አንድም ቀን አልተበላሸም፤ እሳቸው የሠሩት ነገር አይበላሽም።

አሁን ረቂቁ ፊቴ አለ። ትናንት ገጽ አርባ ላይ ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ በልማዴ አንደኛ ብዬ ጀመርኩ። ስለ ሙያተኞች ክብር፣ ስለ ጎጂ ልማድ፣ ስለ ደራሲ ኃላፊነት ግማሽ ገጽ ሞላሁ። አነበብኩትና ቀድጄ ጣልኩት። በምትኩ ከኅዳጉ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። "ይህ ሰው ልጅ አለችው? ምሳዋን የት ትበላለች?"

ልጁ ነገ ይመጣል። ምን ማለትዎ ነው ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። አላስረዳውም፤ የሆነውን እነግረዋለሁ። ይህን የጻፍኩት ስነግረው ፈርቼ የምዘለው እንዳይኖር ነው። ያቺ ተማሪዬም ዛሬ የልጆች እናት ትሆናለች። ጽሑፉ ድንገት እጇ ቢገባ ብዬ የአባትና የልጅ ስም ለውጫለሁ፤ ጫፏ የጎደለችው ጣትም፣ ቀዩ ፔርሙስም በእውነት የእሳቸው አይደሉም።