ታደሰ ወይስ ታደለ

አሶሳ መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አንድ የሰፈራ ዘመን መዝገብ ከፍተው እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ግማሹን አነበብኩ፤ ግማሹን ገመትኩ። «የገመትከውን ለይተህ ንገረኝ» አሉኝ። መለየት አቃተኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም።

ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። የአያት ስም፣ የትውልድ ወረዳ፣ የጠፋ ዘመድ ይፈልጋሉ። መዝገቦቹ በጥድፊያ የተጻፉ ናቸው፤ ቀለማቸው ደብዝዟል፣ አንዳንዱን ምስጥ በልቶታል። መሣሪያዬ አጉሊ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ነጭ ወረቀት ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ሴት መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በሕፃንነታቸው ከሰፋሪዎች መጠለያ ወስደው ያሳደጓቸው ሰው «አባትሽ ታደሰ ይመር ነው» ብለዋቸው ነበር። የሙሽራው ሟች አያት ደግሞ ታደለ ይመር ናቸው። ሽማግሌዎች ዝምድና ሲቆጥሩ ነገሩ ከነከናቸው። የሙሽራው አባት አቶ አስፋውም አብረው መጥተዋል።

«እናታችን መጠለያው ውስጥ ሞተች። ጨቅላ እህቴም ሞታለች ነው የተባልነው» አሉኝ አቶ አስፋው።

መዝገቡ ላይ ታደሰ ይመርም ታደለ ይመርም አሉ። የመጡት ከተለያየ ወረዳ ነው፤ አይዛመዱም። የወይዘሮ ዘነበች ስም ግን ለአሳዳጊ በተሰጡ ሕፃናት ገጽ ላይ ለብቻው ሰፍሯል፤ የአባታቸው ስም የመጨረሻ ፊደል ተበላሽቷል። «ሰ» ከሆነ ሠርጉ ይቀጥላል። «ለ» ከሆነ ሙሽሮቹ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው።

በዚያ ጊዜ የነበረው አለቃዬ ወጣት ነው። «ድንኳን ተጥሏል እኮ። ታደሰ ነው ብለህ ብትገላግላቸው ምን አለበት?» አለኝ።

«ካልሆነስ?» አልኩት።

እኔም «ሰ» እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ባየሁት ቁጥር «ሰ» ይመስለኛል፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

የዚያኑ ጸሐፊ ሌሎች ገጾች አገላበጥኩ። ሰውየው «ሰ» ሲጽፍ አንገቱን አስረዝሞ ወደ ግራ ያዘነብለዋል። ወረቀቱን በባትሪ አብርቼ ሳየው፣ አንገት የመሰለኝ ከጀርባው ገጽ ዘልቆ የመጣ ቀለም ሆኖ ታየኝ። አሁንም ራሴን አላመንኩም። ነጭ ወረቀት ላይ ፊደሉን ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ ቀድጄ አለበስኩትና የሥራ ባልደረባዬን ሐዋን ጠራኋት። ሐዋ የአገሩ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ስለ ሠርጉ የሰማችው ነገር የለም። ባትሪውን ከላይም ከሥርም እያበራች አየች።

«ይሄ አንገት የለውም። ጥቁሩ ከጀርባ ነው የመጣ። ‹ለ› ነው» አለች።

ሁለቱን ወላጆች አስቀምጬ ነገርኳቸው፤ አጉሊ መነጽሩንም ሰጠኋቸው። አቶ አስፋው አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ወይዘሮ ዘነበች ግን ወደ መዝገቡ አላዩም።

«አያ አስፋው፣ እናታችን ማን ትባላለች?» አሉ።

«ጥሩነሽ።»

ስሙን ቀስ ብለው ደገሙት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «አሁን ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?» አሉ።

ሠርጉ ቀረ። ልጁ ሥራ ፈልጎ ወደ ግልገል በለስ ከተማ ሄደ። ልጅቱ እናቷን ለወራት አኩርፋ እንደነበር ሰማሁ። ወይዘሮ ዘነበች ከወንድማቸው ጋር ሆነው የአባታቸውን መቃብር አይተዋል።

ለአዲስ ሠራተኞች የምለው ይህ ነው፦ አጠራጣሪ ፊደል ሲገጥማችሁ ከዚያው ጸሐፊ ሌሎች ፊደሎች ጋር አስተያዩት። ከዚያ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቡት።