መሐረብ የያዘው ወንበር

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ሱዳን ውስጥ ሳጃና ሰፈር ይሠራል የሚባል የአውቶቡስ ጣቢያ ነው፤ አውቶቡሱ ለብቻው መንገድ አለው፣ ሰዉም በብረት አጥር መሐል ተሰልፎ ይገባል። "አየሽ ሐቦባ? ከእንግዲህ መጋፋት የለም!" አለችኝ። አያቴ ለማለት በሱዳንኛው ነው የምትጠራኝ። እኔን ግን አፌን መረረኝ፤ የጥንቱ የሱቅ ዐረቢ መናኸሪያ ትዝ አለኝ።

ከወሎ መጥቼ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አብራኝ ሰው ቤት የምትሠራውን ዘሐራን ወባ ጣላት። አሠሪያችን "በሽታሽን ይዘሽ ሂጂ" ብላ አስወጣቻት፤ ማዮ ሰፈር ላለችው አክስቷ ላደርሳት ደግፌያት ወጣሁ። ማዮ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ጉድጓድ ብቻ። ቆማ ልትሄድ አትችልም። መናኸሪያው ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የናፍጣ ጭስ፣ የሽንት ሽታ፣ ተዕሚያ የሚሉት የሽምብራ ድብልብል የሚጠበስበት የከረመ ዘይት፤ እስከ ዛሬ ተዕሚያ አልበላም።

አውቶቡሱ ሲመጣ ወንዱ በመስኮት ዘለለ፤ እኛ በበር ገባን። አንድ ባዶ ወንበር አገኘሁ፣ ላዩ ላይ ነጭ መሐረብ ተጥሏል። ሰው ረስቶት የወረደ መስሎኝ አነሣሁና የወንበሩን አቧራ ጠረግሁበት፤ ዘሐራን አስቀመጥኳት።

ለካስ እዚያ አገር መሐረቡን በመስኮት የወረወረ ወንበር ይዟል! ጀለቢያው የነጣ ጎልማሳ መጣ።

"ተነሺ፣ ቦታዬ ነው።"

"ታማለች፣ ወንድሜ" አልኩት።

"መሐረቤን አላየሽም?"

"አይቼዋለሁ። መሐረቡ አልታመመም፣ ቆሞ ይሂድ!"

ሒሳብ ሰብሳቢው "ያላ ሐበሺያ፣ ሰውዬውን አታስቁሚው፣ አስነሺያት!" ብሎ ጮኸብኝ። ዞሬ ሰዉን አየሁ። አንዱ ጋዜጣው ውስጥ ገባ፣ አንዱ ውጭ ውጭውን ያያል። አንዲት ያገሬ ሴት እንኳ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ፋጤ ተይው፣ እነሣለሁ" አለች ዘሐራ። ብድግ ከማለቷ አስመለሳት፤ ወንበሩም፣ ጀለቢያውም ተበላሸ።

ያን ጊዜ አውቶቡሱ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ብድግ አለ! ከፊታችን የነበሩት ሸሽተው ወደ ኋላ ተጋፉ። ሒሳብ ሰብሳቢው ሳይቀር "ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ" አላት። ማዮ እስክንደርስ ጭኔ ላይ ተኝታ ሄደች።

ዘሐራ ድና ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ነገሩን ስታወራው ትሥቃለች። እኔ አልሥቅም። የሚያንገሸግሸኝ ትውከቱ አይደለም። ለሕመሟ ያልተነሣ ሰው ለሽታው መነሣቱ ነው።

ይህንኑ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። "አሁን እኮ እንደዚያ አይደለም ሐቦባ" አለችኝ።

ኢንሻላህ። ብረት ግን ሰው ያሰልፋል እንጂ ከወንበር አያስነሣም። "የታመመ ቆሞ አንቺ ተቀምጠሽ ከሄድሽ" አልኳት፣ "ቤቴ እንዳትመጪ!"