ደረቁ ታንኳ የማን ነበር

ባለፈው ሳምንት እሁድ፣ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ባለው የልጄ ቤት ለምሳ ቀርበን ሳለ፣ የገዛ ንግግሬ ተመልሶ ፊቴ ላይ ወደቀ።

የልጅ ልጄ መቅደስ ሕግ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የዓሣውን እሾህ እየለቀመች፣ «አባዬ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የንግድ ሥራ አመራር ዲግሪ ልጀምር አስቤያለሁ። ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው» አለች።

አባቷ፣ ልጄ ይርጋ፣ እጁን ሰበሰበ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። መጀመሪያ ሕጉን ጨርሺ፤ ከዚያ ሥራ ያዢ። ከዚያ በኋላ ይታያል።»

«ውል የሚዋዋሉት እኮ ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴ እንዴት እንደሚያስብ ሳላውቅ የምን ጠበቃ ነው የምሆነው?»

«ይታያል አልሁሽ። ደግሞስ ቅዳሜና እሁድ ሱቁን ማን ሊይዘው ነው?»

ነገሩ ወዲህ ነው። ይርጋ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜና እሁድ የምትቀመጥለት መቅደስ ናት። ታላቅ ወንድሟ ናሆም ምሕንድስና እየተማረ ጎን ለጎን የኮምፒውተር ትምህርት ሲከታተል፣ ሁለት ዛፍ ብሎ የተረተበት አልነበረም። ሱቅ ተቀመጥ ያለውም የለም። ይህንኑ ልናገር ስል ይርጋ ቀደመኝ።

«እማዬ፣ ይንገሯት እንጂ! ርጥብ ደንገል ላይ አትቀመጡ እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም?»

እውነቱን ነው። ያን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር ኖሬያለሁ፤ የነገርኋቸው ግን ግማሹን ነው።

ያደግሁት ሐይቁ ዳር፣ ዘጌ ነው። በእኛ ዘንድ መሬት በበሬ አይታረስም፤ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ወደ ባሕር ዳር የምንሻገረው በታንኳ ነበር። አባቴ ታንኳውን ራሱ ይሠራዋል፦ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውኃ ቄጠማ ከሐይቁ ዳር ያጭዳል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ ሲደርቅ በልጥ ጠፍሮ ያስረዋል። የደረቀ ደንገል ውኃ ላይ እንደ ላባ ነው። ርጥቡም ከዳር ሲያዩት ያው ታንኳ ነው፤ ይንሳፈፋልም። የሚከዳው መሀል ከገቡ በኋላ ነው።

ስድስተኛ ክፍልን ከወንድሜ ከአያሌው ጋር ጨረስሁ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በሒሳብ ግን እኔ እበልጠው ነበር፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሰባተኛ ክፍል ያለው ባሕር ዳር ነበር። አባቴ፣ «አንቺ ቆዪ። እሱ ይጨርስና ያንቺ ይታያል» አለኝ።

«መቼ?»

«ሲደርስ።»

«ይታያል» የሚሉት ቃል ሲያበሳጨኝ ኖሯል። እንቢ ቢሉ ይሻላል፤ እንቢ ያለን ሰው ይሟገቱታል። ይታያል ያለውን ግን ምን ብለው ይይዙታል?

እኔም አልጠበቅሁም። በነሐሴ ደንገል አጨድሁ። ፀሐይ ብቅ ስትል አሰጣለሁ፤ ዝናቡ ሲመጣ እየሮጥሁ እሰበስባለሁ። እጄ በደንገሉ ጠርዝ ተቆራርጦ፣ ሎሚ ስለቅም ያቃጥለኝ ነበር። መስከረም ጠባ፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ያንኑ ርጥቡን ጠፍሬ አሰርሁት። ሴት ልጅ ታንኳ ስትሠራ አይታይምና ሰፈሩ ሳቀብኝ። «ሙሽሪት፣ አልጋሽን ነው የምትጠፍሪው?» አለኝ አንድ ጎረቤታችን።

ጎሕ ሲቀድ የምስክር ወረቀቴን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ቆሎ ይዤ ተነሣሁ። ሐይቁ ከክረምቱ ጎርፍ ቀልቶ ሻይ መስሏል። መጀመሪያ ደኅና ሄድሁ፤ እንዲያውም እዘፍን ነበር። ቀጥሎ እግሬ ራሰ። ቀጥሎ ጉልበቴ። ታንኳው ውኃ እየጠጣ እንደ ጠገበች ላም ከሥሬ ተኛ። ሎሚ የጫነ የእንጨት ጀልባ ባይደርስልኝ ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር። ባለጀልባው በክንዴ እየጎተተ፣ «አንቺ ልጅ፣ ርጥብ ደንገል ላይ ማን አስቀመጠሽ?» አለኝ።

ባሕር ዳር ስንደርስ ወረቀቴ ቀለሙ ወርዶ ነጠላዬን ሰማያዊ አድርጎት ነበር። የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየውና፣ «ስምሽ የት አለ? ሌላ አጽፈሽ አምጪ» አለኝ። ዘጌ ደርሼ እስክመለስ ምዝገባው ተዘጋ። አባቴ ያለኝ አንድ ቃል ነው፦ «ቸኮልሽ።»

ለልጆቼ እስከዚህ ድረስ ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኋቸው ይህ ነው። ያን ጠዋት ርጥቡን ወደ ሐይቁ ስጎትት ያለፍሁት በደረቀው አጠገብ ነበር። አባቴ በበጋ የሠራው ታንኳ ከጣራችን ክፈፍ ሥር ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። አያሌው በጓደኛው አባት ጀልባ ከተሻገረ ሳምንት አልፎታል። «አባባ፣ ያን ልውሰደው?» ብዬ ለምኜ ነበር። «የአያሌው ነው» አለኝ። ከዚያ በዓመቱ ዳሩኝ። የእኔ «ሲደርስ» ሳይደርስ ቀረ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የቸኮልሁ መስሎኝ ራሴን ስከስ ኖርሁ።

ይህን ሁሉ እዚያው ገበታው ላይ ተናገርሁት። ይርጋ አንገቱን ደፋ።

«እማዬ፣ ይህንን እኮ ነግረውን አያውቁም።»

«አባቴን ላለማማት ብዬ ነው። አሁን አማሁት። ቅዳሜና እሁድ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ።»

ከጎኔ የተቀመጠው ናሆም ሳቀ። «እቴቴ፣ ካንዴላን ከፍሬን ሸራ ይለያሉ?»

«አንተ ሳትወለድ ሎሚን ከትርንጎ ለይቼ ሸጫለሁ። ያልለየሁትን አንተ ታሳየኛለህ። ኮምፒውተር ተምረህ የለም?»

ያሸነፍሁ መስሎኝ ወደ መቅደስ ዞርሁ። እሷ ግን ጣቷን ትጠርግ ነበር።

«እቴቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች በመጨረሻ። «እኔም ፈርቻለሁ። የመውጫ ፈተናው አለ፣ ጥናታዊ ጽሑፉ አለ። ፈተናዬን ወስጄ በሚቀጥለው ምዝገባ ብጀምር ይሻለኛል።»

ተናደድሁ። ለዚህ ነው ሟች አባቴን ያማሁት? «ታዲያ አባትሽ ካለው በምን ተለየ?» ብዬ ጮኽሁባት።

«ይለያል። አባዬ ሥራ ከያዝሽ በኋላ ይታያል ነው ያለኝ። እኔ ፈተናው ባለቀ በሚቀጥለው ምዝገባ ነው የምለው። አሁን ያልገባሁት እኔ ስላልፈለግሁ ነው።»

ወደ ይርጋ ዞሬ፣ «ያለችውን ድገመው» አልሁት። እየተቅለሰለሰ፣ «ፈተናው ባለቀ በሚቀጥለው ምዝገባ» አለ። ሁለተኛም አስደገምሁት።

ዓርብ አለፈ፤ አልተመዘገበችም። እስካሁን ይከነክነኛል። እኔ ብሆን በዚያው ሰኞ በሩ ሳይከፈት እቆም ነበር። ግን እኔ የቸኮልሁት የሚጠብቀኝ ቀን ስላልነበረ ነው፤ እሷ ቀን አላት፣ ቀኑንም የቆረጠችው ራሷ ናት።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ነው። መቅደስ ቤት ሆና ታጠናለች። ባጃጅ ነጂዎቹ እያጎነበሱ፣ «እማማ፣ ባለሱቁ የለም?» ይሉኛል። «አለሁ!» እላቸዋለሁ። ይርጋ፣ «ገና ነው፣ ምን አስቸኮለዎት?» ቢለኝም አልሰማሁትም። ቀኑ ሲደርስ፣ ሱቁን ማን ይይዘዋል የሚል ሰው እንዳይገኝ፣ ወንበሩን ከወዲሁ ይዣለሁ።